ርዕሱ ላይ "አእምሮ" የሚል የሌለው ለውጥ፦ የአዛውንቶችን የአእምሮ ሕክምና ፖሊሲ እንዴት እንከታተል?

በዕድሜ የገፉ እናት ወይ አባት ያላችሁ፣ ወይ በሥራችሁ አዛውንቶችን የምትንከባከቡ ሰዎች ይሄ ነገር አዲስ አይሆንባችሁም፦ ሕጉ ወጥቶ፣ ሥራ ላይ ውሎ፣ ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ ነው የምንሰማው። መድኃኒት ቤት ቆመን "ይሄ ከዚህ ወር ጀምሮ አይሸፈንም" ስንባል፣ ወይ የሚያዩዋቸው ባለሙያ "ከአሁን በኋላ በቪዲዮ አይቻልም፣ በአካል ይምጡ" ሲሉ፣ ወይ ሁሌ የምንሞላትን ፎርም ይዘን ሄደን ፎርሟ ራሷ ቀርታ ስናገኛት። ከዛ በኋላ ያው መሯሯጥ ነው።

ስንፍና ነው ብዬ አላምንም። ብዙ ሰው እኮ ይሞክራል፣ "የአእምሮ ጤና ሕግ" ብሎ ጉግል ያደርጋል፣ የጤና መሥሪያ ቤቱን ገጽ ይከተላል፣ ዜና ይሰማል፣ ግን የሚፈልገው ነገር እዛ የለም። የአዛውንቶችን የአእምሮ ሕክምና የሚነካ ለውጥ አብዛኛውን ጊዜ ርዕሱ ላይ "አእምሮ" የሚል የለውም፣ "አዛውንት" የሚልም ላይኖረው ይችላል። በጀት ሕግ ውስጥ ተሸጉጦ ያልፋል፣ የመድኃኒት ማስጠንቀቂያ ሆኖ ይመጣል፣ የክፍያ ሠንጠረዥ ውስጥ አንድ መስመር ይሆናል፣ ወይ ደሞ የሞግዚትነት ሕግ ማሻሻያ ተብሎ በፍትሕ መሥሪያ ቤት በኩል ይወጣል።

ነገሩን ለማሳየት ከአሜሪካ ሁለት ምሳሌ ልውሰድ (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። እዛ በአረጋውያን መንከባከቢያ ቤቶች ሰውን አልጋ ላይ ማሰርና ለሠራተኛው ምቾት ሲባል በመድኃኒት ማፍዘዝን የገደበው ትልቁ ሕግ የ1987ቱ ነው፣ ስሙ ግን የበጀት ማስታረቂያ ሕግ ነው። ሁለተኛው የቅርብ ነው፦ ሜዲኬር፣ ማለትም በዋናነት ከ65 ዓመት በላይ ያሉትን የሚሸፍነው የመንግሥት ኢንሹራንስ፣ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2024 ጀምሮ ለአእምሮ ጤና አማካሪዎችና ለትዳርና ቤተሰብ ቴራፒስቶች መክፈል ጀመረ። ከዛ በፊት እነዚህ ባለሙያዎች ለሜዲኬር ሒሳብ መላክ አይችሉም ነበር። ውሳኔው የተላለፈው ግን በዲሴምበር 2022 ነው፣ ከ4 ሺህ ገጽ በላይ የነበረው የመንግሥት ጠቅላላ በጀት ሕግ ውስጥ። አንድ ዓመት ሙሉ ወረቀት ላይ ተቀምጦ ነበር ማለት ነው፣ ያወቀ ሰው ቀድሞ ባለሙያ ፈልጎ ተዘጋጅቷል፣ ያላወቀ ደሞ በራሱ ኪስ መክፈሉን ቀጥሏል።

ከመሥሪያ ቤቱ ሳይሆን ከሰውየው ጀምሩ

ስለዚ መጀመሪያ የሚደረገው ዌብሳይት መፈለግ አይደለም። አንድ ወረቀት አውጡና ስለምትንከባከቧቸው ሰው ይሄን ጻፉ፦ ምን ምን ሕመም ነው የተባለላቸው (ዲፕሬሽን፣ ዲመንሺያ ማለትም የማስታወስና የማሰብ አቅም መዳከም፣ የእንቅልፍ ችግር፣ ምንም ይሁን፣ ካርዱ ላይ የተጻፈው ኮድ ካለ ኮዱንም)፣ የሚወስዱት መድኃኒት ስም ከነመጠኑ፣ የሚያያቸው ማነው፣ ሐኪም ነው ነርስ ነው ሳይኮሎጂስት ነው፣ በአካል ነው በስልክ፣ የሚከፍለው ማነው፣ የሚኖሩት ቤታቸው ነው ወይስ ተቋም ውስጥ፣ እሳቸው መፈረም ካልቻሉ የሚፈርመው ማነው በምን ወረቀት።

አሁን በእያንዳንዱ መልስ አጠገብ "ይሄን ሊቀይርብኝ የሚችለው ማነው?" ብላችሁ ጠይቁ። ለመድኃኒቱ፣ የመድኃኒት ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት እና ኢንሹራንሱ የሚከፍልባቸው መድኃኒቶች ዝርዝር። ለባለሙያው፣ የሙያ ፈቃድ ሰጪው ቦርድ እና ከፋዩ። ለመኖሪያው፣ መንከባከቢያ ቤቶችን የሚመረምረው አካል፣ እሱ ብዙ ቦታ ጤና ሳይሆን ማኅበራዊ ጉዳይ ሥር ነው። ለፊርማው ደሞ ፍርድ ቤትና የፍትሕ ጉዳይ። እንግዲህ የናንተ ዝርዝር አምስት ስድስት መሥሪያ ቤት ይሆናል፣ ከዛ በላይ አያስፈልግም። ሁሉንም ነገር ልከታተል ያለ ሰው ኢሜይሉ ሞልቶ በሁለት ወሩ ይተወዋል።

ዲመንሺያና ዲፕሬሽንን ደሞ ለየብቻ ፈልጉ። ብዙ ጊዜ ሰው አንዱን ተከታትሎ ሁለቱንም የያዘ ይመስለዋል። ዲመንሺያ የራሱ ዓለም አቀፍ የተግባር ዕቅድ አለው፣ የዓለም ጤና ድርጅት ለ2017 እስከ 2025 ያወጣው፣ በ2025 ደሞ እስከ 2031 የተራዘመው፣ አገሮችም በሱ መነሻ ብሔራዊ የዲመንሺያ ስትራቴጂ ምናምን ያወጣሉ። የአዛውንት ዲፕሬሽንና ጭንቀት ግን እንደዛ የራሱ ዕቅድ የለውም፣ አጠቃላዩ የአእምሮ ጤና ዕቅድ ውስጥ (እስከ 2030 የሚሄደው) ተጠቃሎ ነው የገባው። በኔ እይታ አዛውንቶች ሲያዝኑ "ዕድሜ ነው" ተብሎ የሚታለፈው አንዱ ምክንያት ይሄው ነው፣ ወረቀት ላይም ራሱ ባለቤት የላቸውም።

መድኃኒቱ ላይ ቆም በሉ

ከሁሉም በላይ ቶሎ የሚነካችሁ ይሄ ነው፣ ለውጡ ፓርላማ ሳይገባ፣ ዜና ሳይሆን፣ በአንድ ገጽ ማስታወቂያ ስለሚመጣ።

ሲታሎፕራም የሚባለውን የዲፕሬሽን መድኃኒት ውሰዱ፣ ብዙ አዛውንቶች የሚወስዱት ነው። የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ በኦገስት 2011 ከፍ ያለ መጠን የልብ ምትን ያዛባል ብሎ አስጠነቀቀ፣ በማርች 2012 ደሞ አብራርቶ ከ60 ዓመት በላይ ለሆነ ሰው በቀን ከ20 ሚሊግራም እንዳይበልጥ አለ። ለሌላው አዋቂ 40 ነበር። እዩት እንግዲህ፣ ሰውየው ልክ 61 ዓመታቸው ስለሆነ ብቻ የሚመለከታቸው ለውጥ ነው፣ ማስታወቂያው ግን የወጣው የልብ ጉዳይ ሆኖ ነው እንጂ የአዛውንቶች የአእምሮ ሕክምና ተብሎ አይደለም።

ሌላው በ2005 የመጣው ነው። ዲመንሺያ ያለባቸው አዛውንቶች ሲረበሹ ወይ ሲጮሁ የሚሰጧቸው አንቲሳይኮቲክ የሚባሉ መድኃኒቶች የሞት አደጋን እንደሚጨምሩ ጥናቶች ተሰብስበው ሲታዩ ታወቀ፣ ጭማሪው ከ1.6 እስከ 1.7 እጥፍ ገደማ ነበር፣ እና ኤፍዲኤ አዳዲሶቹ ላይ በጥቁር ሳጥን የሚታጠረውን ጠንካራውን ማስጠንቀቂያ አስገባ። በ2008 የቆዩትም ላይ ተጨመረ። ከዛ ወዲህ በብዙ አገር የመንከባከቢያ ቤት ቁጥጥር ውስጥ "ስንት ነዋሪ አንቲሳይኮቲክ ይወስዳል፣ ለምን?" የሚል ጥያቄ ገብቷል። ስለዚ አንድ የመድኃኒት ማስጠንቀቂያ ከዓመታት በኋላ የተቋም ሕግ ሆኖ ይወጣል፣ ማስጠንቀቂያውን ያየ ሰው ሕጉ ሲመጣ አይደነግጥም።

እና ምን ታደርጋላችሁ? የአገራችሁ መድኃኒት ተቆጣጣሪ "የደኅንነት ማሳሰቢያ" የሚል የኢሜይል ዝርዝር ካለው ተመዝገቡ፣ ከሌለው በወር አንዴ ገጹን ክፈቱና ወረቀታችሁ ላይ ያሉትን መድኃኒቶች ስም ፈልጉ። ስሙን በንግድ ስም ብቻ እንዳትፈልጉ፣ ማሳሰቢያ የሚጻፈው በዋናው የመድኃኒቱ ስም ነው፣ ፓኬቱ ላይ በትንሹ የተጻፈችው። ከዛ ደሞ የቢርስ ዝርዝር የሚባል አለ፣ በአዛውንቶች ላይ ቢወገዱ የሚሻሉ መድኃኒቶችን የያዘ፣ መጀመሪያ በ1991 ወጥቶ አሁን የአሜሪካ የአረጋውያን ሕክምና ማኅበር በየሦስት አራት ዓመቱ የሚያድሰው፣ ለምሳሌ በ2019 እና በ2023 ታድሷል። እንደ ዳያዜፓም ያሉ የጭንቀትና የእንቅልፍ መድኃኒቶች እዛ ላይ አሉ። ሕግ አይደለም፣ ግን ኢንሹራንሶችና ሆስፒታሎች የራሳቸውን ደንብ ሲያወጡ ያዩታል፣ ስለዚ አዲስ ዕትም ሲወጣ መድኃኒታችሁ ገብቶ እንደሆነ ማየት ይጠቅማል።

አንድ ነገር በጣም አደራ፦ ማስጠንቀቂያ አነበብኩ ብላችሁ መድኃኒት እንዳታቆሙባቸው። ከነዚህ ብዙዎቹ በድንገት ሲቆሙ የባሰ ነገር ያመጣሉ። ማሳሰቢያውን ፕሪንት አድርጉና ለሐኪማቸው ይዛችሁ ሂዱ፣ "ይሄ እሳቸውን ይመለከታል ወይ?" በሉ፣ በቃ።

"ጸደቀ" ሲባል የትኛው ደረጃ ነው?

ዜና ላይ "ጸደቀ" ሲባል ብዙ ሰው ነገ ክሊኒክ ሄዶ የሚጠይቅ ይመስለዋል። በአንድ ውሳኔና በናንተ መካከል ግን ብዙ ደረጃ አለ፦ ረቂቅ ይወጣል፣ አስተያየት ይሰበሰባል፣ ይጸድቃል፣ መመሪያ ይወጣለታል፣ በሥራ ላይ የሚውልበት ቀን ይቆረጥለታል፣ በጀት ይመደብለታል፣ ከዛ ነው የናንተ ክሊኒክ ፎርሙን የሚቀይረው።

አየርላንድ የመወሰን አቅማቸው ለተዳከመ ሰዎች ውሳኔ ላይ ድጋፍ የሚሰጠውን ሕግ ያወጣችው በ2015 ነው፣ ሥራ ላይ የዋለው ግን በኤፕሪል 2023። ከሰባት ዓመት በላይ! እንግሊዝ ደሞ በ2019 የመወሰን አቅም ያነሳቸውን ሰዎች ነፃነት ስለመገደብ አዲስ ሥርዓት በሕግ አወጣች፣ በኤፕሪል 2023 መንግሥት አሁን አይጀመርም ብሎ ለሌላ ጊዜ አስተላለፈው፣ አሮጌው አሠራር ቀጠለ። በ2019 ዜናውን ሰምቶ ወረቀቱን በሙሉ ያዘጋጀ ቤተሰብ በከንቱ ደክሟል።

የመድኃኒትም ጉዳይ እንደዛ ነው። ሌካነማብ የተባለው የአልዛይመር መድኃኒት በኦገስት 2024 ብሪታኒያ ውስጥ ፈቃድ አገኘ፣ በዛው ቀን ደሞ ለሕዝብ ጤና አገልግሎቱ የትኛው ሕክምና ይከፈልበት የሚለውን የሚመክረው ተቋም በረቂቁ "ጥቅሙ ከወጪው ጋር አይመጣጠንም" አለ። ፈቃድ ሰጪው ሌላ፣ ከፋዩ ሌላ። በአውሮፓ ኅብረት ደሞ መጀመሪያ በጁላይ 2024 የባለሙያ ኮሚቴው እንቢ አለ፣ በኖቬምበር ሐሳቡን ቀይሮ ለተወሰኑ ታካሚዎች ይሁን አለ፣ ኅብረቱ የፈቀደው በኤፕሪል 2025 ነው። በነዚህ ወራት ውስጥ አንዱን ዜና ብቻ ያየ ሰው ግማሹን ታሪክ ይዞ ይከራከራል ማለት ነው።

ስለዚ ማንኛውንም ዜና ስታዩ ሦስት ነገር ፈልጉበት፦ ማን ነው የወሰነው (ሕግ አውጪ፣ ተቆጣጣሪ፣ ወይስ ከፋይ)፣ በሥራ ላይ የሚውለው መቼ ነው፣ እና ቀድሞ ለጀመሩ ሰዎች ምን ይላል። ይሄ ሦስተኛው የመሸጋገሪያ ድንጋጌ የሚባለው ነው፣ ሁሌ መጨረሻ ገጾች ላይ ይደበቃል፣ ለአዛውንት ግን ዋናው እሱ ነው፣ ምክንያቱም አብዛኞቹ ሕክምናውን የጀመሩት በድሮው ሕግ ነው።

ጊዜያዊ ሕጎችንም ለብቻ መዝግቡ። ኮቪድ በመጣ ጊዜ በ2020 ብዙ አገር በስልክና በቪዲዮ ማማከርን ፈቀደ፣ ቤት ለሚውሉ አዛውንቶች ትልቅ ነገር ነበር፣ ግን ብዙው የማብቂያ ቀን ያለው ሆኖ ነው የወጣው። አሜሪካ ውስጥ ስንቴ እንደተራዘመ አይጠየቅም። እንዲህ ያለ ነገር ላይ ከተደገፋችሁ የማብቂያ ቀኑን ስልካችሁ ካላንደር ላይ አስገቡና ሁለት ወር ቀደም ብሎ እንዲያስታውሳችሁ አድርጉ።

መቼ ነው ማየት ያለብን

ፖሊሲ ወቅት አለው፣ ይሄን ያወቀ ሰው ዓመቱን ሙሉ ስልኩ ላይ አያፈጥጥም። የዓለም ጤና ጉባኤ በየዓመቱ ሜይ ላይ ጄኔቫ ይሰበሰባል፣ ትልልቅ ዕቅዶች የሚራዘሙት የሚጸድቁት እዛ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ከ1977 ጀምሮ አለ፣ በየሁለት ዓመቱ ይታደሳል፣ የቅርቦቹ በ2023 እና በ2025 ናቸው፣ ብዙ አገሮች የራሳቸውን ዝርዝር ሲያዘጋጁ ይሄን ያያሉ። ሜዲኬር የባለሙያ ክፍያ ረቂቁን ብዙውን ጊዜ ጁላይ ላይ አውጥቶ ኖቬምበር አካባቢ ያጸድቃል፣ ጃንዋሪ 1 ይጀምራል። ጃፓን የረጅም ጊዜ እንክብካቤ ኢንሹራንሷን በየሦስት ዓመቱ ትከልሳለች። የናንተም አገር የሆነ ወቅት አለው፣ የበጀት ዓመቱ መቼ እንደሚጀምር እዩና ከሱ በፊት ያሉትን ሦስት አራት ወራት ነቃ ብላችሁ ጠብቁ፣ ሌላውን ጊዜ ቀለል አድርጉት።

ዓለም አቀፎቹን ሰነዶች ግን አታጋኗቸው። አብዛኞቹ ዕቅድ ናቸው፣ ማንም ክሊኒክ በነሱ ምክንያት ነገ በሩን አይከፍትም። የሚጠቅሙት ሁለት ነገር ላይ ነው፦ አንደኛ አገራችሁ ከዓመታት በኋላ ምን ልታወጣ እንደምትችል ይጠቁማሉ፣ ሁለተኛ አቤቱታ ስትጽፉ "የፈረማችሁት ይሄን ይላል" ማለት ይቻላል። በ2006 የጸደቀው የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት አንቀጽ 12 ለምሳሌ፣ ሰው ሕመም ስላለበት ብቻ ሕጋዊ ችሎታው አይነጠቅም የሚለው፣ የአየርላንዱን ዓይነት ሕጎች ከኋላ የገፋው እሱ ነው። የአረጋውያን መብት ስምምነት ደሞ ገና ነው፣ የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብት ምክር ቤት በኤፕሪል 2025 አርቃቂ ቡድን እንዲቋቋም ወሰነ፣ በቶሎ አትጠብቁት።

የሕመም መለያ ኮዱንም አትርሱ፣ አሰልቺ ነው ግን ገንዘብ የሚከፈለው በሱ ነው። አስራ አንደኛው ዓለም አቀፍ የበሽታዎች ምደባ ከጃንዋሪ 2022 ጀምሮ በሥራ ላይ ነው፣ አገሮች ግን ከአስረኛው ወደሱ የሚዞሩት በየራሳቸው ጊዜ ነው። የናንተ አገር ስትዞር የእናታችሁ ካርድ ላይ ያለው ኮድ ይቀየራል፣ ያኔ ከኢንሹራንሱ ሥርዓት ጋር ሳይገጥም ቀርቶ ክፍያ ሊመለስ ይችላል፣ በሽታው ተቀይሮ አይደለም።

ማንበቡ ላይ

ፒዲኤፉ 180 ገጽ ሲሆን ሁሉንም አታንብቡት። የትርጓሜ ክፍሉን ክፈቱ፣ "አዛውንት" ማለት ከ60 ነው ከ65? የተባበሩት መንግሥታት ብዙውን ጊዜ 60 ይላል፣ ብዙ አገር 65 ይላል፣ እና በዚች አምስት ዓመት ልዩነት ስንት ሰው ውጪ ይቀራል። ከዛ መፈለጊያው ላይ "በስተቀር"፣ "አይመለከትም" የሚሉትን ቃላት አስገቡ፣ ከዛ የመድኃኒታችሁን ስም፣ ከዛ "የሚጸናበት" ወይ "በሥራ ላይ የሚውልበት" የሚለውን። በቻትቦት ማሳጠር ይቻላል፣ እኔም አልቃወምም፣ ግን የአንቀጽ ቁጥሩን ጠይቁትና አንቀጹን ራሳችሁ ክፈቱ፣ ቀንና ዕድሜ ላይ በጣም በልበ ሙሉነት ነው የሚሳሳተው።

ሁሉን ብቻችሁን መሥራትም የለባችሁም። የአልዛይመር ማኅበራት ከ100 በላይ አገሮች ውስጥ አሉ፣ ብዙዎቹ ሕግ የሚያነብ ሰው አላቸው፣ በቀላል ቋንቋ ጽፈው ይልካሉ። እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ፣ አንዳንድ ማኅበራት ከመድኃኒት አምራቾች ድጋፍ ይወስዳሉ፣ ስለ አዲስ መድኃኒት ሲጽፉ የገንዘብ ምንጫቸውን ገጹ ላይ እዩ፣ መጥፎ ናቸው ማለቴ ሳይሆን ምን እንደሚያጎሉ እንድታውቁ ነው። የነርሶችና የሶሻል ወርከሮች ማኅበራትም ጥሩ ምንጭ ናቸው፣ ምክንያቱም ክፍያቸው ሲነካ ከማንም ቀድመው ይጮሃሉ።

የቴሌግራምና የፌስቡክ ግሩፖችን በተመለከተ፣ ወሬው መኖሩን ለመስማት ጥሩ ናቸው፣ ለማመን ግን አይደሉም። ስክሪንሾት ሲላክላችሁ ቀኑን እዩ፣ የሁለት ዓመት ረቂቅ እንደ አዲስ ሲዞር የተለመደ ነው፣ ከዛ ዋናውን ሰነድ ከመሥሪያ ቤቱ ገጽ ላይ ፈልጉ። እዛ ካላገኛችሁት ለሌላ አትላኩት።

ለውጡ እናንተን የሚነካ ከሆነ ደሞ ወዲያው ለከፋዩ ወይ ለክሊኒኩ በጽሑፍ ጠይቁ፣ በስልክ የተነገረ ነገር ኋላ ማስረጃ አይሆንም። "ይሄ ለውጥ በእሳቸው ሕክምና ላይ ምን ያመጣል፣ ከመቼ ጀምሮ፣ ካልተስማማን ይግባኝ የት ነው፣ በስንት ቀን ውስጥ?" ይበቃል። የይግባኝ ቀን ብዙ ጊዜ የሚቆጠረው ደብዳቤው ከተጻፈበት ወይ ከደረሰበት ቀን ነው፣ እናንተ ከገባችሁበት ቀን አይደለም፣ ስለዚ ፖስታውንም ኢሜይሉንም ከነቀኑ አስቀምጡ። እሳቸው ራሳቸው ሊረዱት የሚችሉ ከሆነ ከመጻፋችሁ በፊት ንገሯቸውና ምን እንደሚፈልጉ ጠይቋቸው፣ ብዙ ቤት ውስጥ ይሄ ይዘለላል፣ መሥሪያ ቤቱም ቢሆን ፈቃዳቸውን የሚያሳይ ወረቀት ከሌለ አይመልስላችሁም።

ረቂቅ ደረጃ ላይ ከደረሳችሁበት ደሞ አስተያየት ላኩ። ብዙ ቦታ ከ30 እስከ 60 ቀን ይሰጣል። ረጅም መሆን የለበትም፣ አንቀጹን ጥቀሱ፣ በናንተ ቤት ምን እንደሚያስከትል በሦስት አራት ዓረፍተ ነገር ጻፉ፣ እንዴት ቢጻፍ እንደሚሻል ጨምሩ። ስማቸውንና የሕመማቸውን ዝርዝር ግን አታስገቡ፣ አስተያየቶች ብዙ ጊዜ ለሕዝብ ክፍት ይሆናሉ።